መጀመሪያ ሁለት ብሎክ በእግርሽ ሂጂ

ይህ ደብዳቤ የመጣልን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ረዘም ይላል፤ ጸሐፊዋም እንዳትታወቅ ብለን አሳጥረነዋል።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 33 ነው። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። የአራት ሱቆችን ሒሳብ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ሳሎን ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። እንጀራዬ እሱ ነው። ደንበኞቼ ደረሰኝ በቴሌግራም ስለሚልኩልኝ ቴሌግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፍቼ ቁጥር ሳስገባ ጥግ ላይ ብቅ፣ ብቅ ይላል። የደንበኛ፣ የብሎካችን ግሩፕ፣ የአማቴ፣ የእቁብ። ካልመለስኩ ‹ኦንላይን ሆነሽ እያየሁሽ!› ይሉኛል።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው። የ14 ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የቤት ሥራውን የሚሠራው እኔ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩን ለቅቄለት ወጥ ላማስል ኩሽና ገባሁ። እህቴ በዚያች ደቂቃ ስለ ባሏ ጻፈችልኝ። የእቁቡን ብር ለጓደኛው አበድሮ እንደቀረበት፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳልተከፈለ፣ ለማንም እንዳልናገር። ልጁ አነበበው። ማታ እራት ላይ አባቱን ጠየቀው። ቤቱ ተረበሸ። እህቴ ‹ሆን ብለሽ ነው ያሳየሽው› ብላ ስልኬን አታነሳም። ሦስት ጊዜ ረጅም ይቅርታ ጻፍኩላት። አንብባዋለች፣ ምልክቱን አይቻለሁ፣ መልስ ግን የለም። ባለቤቴ ‹ቴሌግራሙን አጥፊው፣ ልጁም አይምጣ› ይላል። ምን ላድርግ?

ጨነቀኝ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ።»

እህቴ ጨነቀኝ፣

አራተኛውን ይቅርታ አትጻፊ። ሦስቱም አይበቃም ብዬ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው በጽሑፍ ነው፤ በጽሑፍ አይጠገንም። እህትሽ አሁን ስልኳ ላይ የአንቺን ስም ባየች ቁጥር የምታስታውሰው ያንን ማታ ነው። ይቅርታሽ የሚደርሳት እዚያው ገጽ ላይ፣ ምስጢሯን ከጻፈችበት ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ነው። ወደ ላይ ስታንሸራትት ምን ታያለች? አስቢው።

ደግሞ ያቺን ሁለት ምልክት ተዪያት። ሁለት ጊዜ «ራይት» ማለት መልእክቱ ተከፈተ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆና ከፍታው ይሆናል። አልቅሳም ይሆናል። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ይሆናል። ሰው ከሁለት ምልክት ንቀት ማንበብ የለመደው በቅርብ ነው። ድሮ ደብዳቤ በፖስታ ስንልክ መልስ ሲዘገይ ጥፋቱን ለፖስታ ቤቱ ሰጥተን እንገላገል ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ብሎክ በእግርሽ ሂጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ቡና ይዘሽ ሂጂ። ዋጋው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሩብ ኪሎም ይበቃል። ስትደርሺ ታሪኩን ከመጀመሪያው አትተርኪ። «ክፍት ትቼው ነው የተነሳሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» በዪ። «ግን አንቺም በዚያ ሰዓት ልጁ እኔ ጋ እንዳለ እያወቅሽ» የምትል ዐረፍተ ነገር ምላስሽ ጫፍ ላይ እንዳለች ይገባኛል። እውነት ናት። ዋጪያት። ምናልባት ከዓመት በኋላ ራሷ እህትሽ እየሳቀች ትላታለች። የእቁቡን ብር ነገርም አንቺ አታንሺ። ካነሳችው ስሚ። የባልና ሚስት ብር ውስጥ በምክር የገባ ሰው በደህና ሲወጣ አላየሁም።

በሩን ባትከፍትስ? ቡናውን ለጎረቤቷ ሰጥተሽላት ተመለሺ። መምጣትሽን ትሰማለች። በሳምንቱ ደግሞ ሂጂ።

ባለቤትሽ «ልጁ አይምጣ» ያለው ግን አልተዋጠልኝም። ቸኩሎ ነው፣ ቤቱን ሊጠብቅ ብሎ ነው። ልጁ ግን ምን አጠፋ? መሳቢያ አልበረበረም። የሒሳብ ጥያቄውን እየሠራ ሳለ የእናቱ ስም ዓይኑ ሥር በራ። ከእነ ጽሑፉ። የትኛው የ14 ዓመት ልጅ ነው ዓይኑን የሚጨፍን? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልጨፍንም። እንዲያውም እናንተ ትልልቆቹ በተኮራረፋችሁበት ሳምንት እሱ የትምህርት ቤት ክፍያው እንዳልተከፈለ ተሸክሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በዚያ ላይ አክስቱ ቤት እንዳይመጣ ከተከለከለ፣ ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብሎ ይደመድማል። ጥሪው። ለብቻው። «ያየኸው አንተ እንድታየው የተጻፈ አልነበረም። ጥፋተኛ ግን አይደለህም» በዪው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ዓይኑ ቢገባ ለማን መንገር እንዳለበትም አብራችሁ ተነጋገሩ። ይኸው ነው።

አሁን እኔንም ልንገርሽ፤ አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው አላውቅም ነበር። የምንሄደው ኢንተርኔት ቤት ነው። ያሁ ሜሴንጀር ነበር ነገሩ ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀምሮ በ2018 የተዘጋው ማለቴ ነው። በደቂቃ እየተቆጠረ ስለሚከፈል ሰላምታችን አጭር ነበር። አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። መብራቱ ሲመለስ ማን እንደተቀመጠበት እግዜር ይወቀው፣ እኔው በተውኩት ስም ለእጮኛዬ አንድ ገጽ ሙሉ ስድብ ጻፈላት። ስሙን የማልጠራው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት «ወንድሜ፣ ሳይን አውት ያላደረግከው አንተ ነህ» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እውነቱን ነበር። ከእጮኛዬ ጋር ለመታረቅ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። አንዱም ቀን በቻት አልነበረም። በር በሯን ነው የተመላለስኩት።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ። «አጥፊው» የሚለው የባለቤትሽ ምክር ግማሹ ልክ ነው። መጥፋት ያለበት ቴሌግራሙ አይደለም። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው መቀመጡ ነው። አንቺና ልጁ በአንድ ስም ነው የምትገቡት። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይከፍታል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያንቺን በፓስወርድ ዝጊው። ለልጁ ሌላ፣ ተራ ተጠቃሚ የሚባለውን፣ ክፈቺለት። እሱ በራሱ ሲገባ ያንቺ ቴሌግራም እዚያ የለም፣ ያንቺ ፋይልም ስክሪኑ ላይ አይታይም። ደግሞ ለወጥ ስትነሺ ሁለት ቁልፍ አብረሽ ተጫኚ፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትንና ኤል የምትለዋን። ስክሪኑ ይቆለፋል። ወጡ አያርም፣ ምስጢሩም አይወጣም።

ቴሌግራሙ ውስጥም ሥራ አለ። ሴቲንግስ ገብተሽ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ክፈቺ። የላኪው ስምና የመልእክቱ ጽሑፍ ጥግ ላይ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ የሚመጣው «መልእክት አለሽ» ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ይቺ አንዲት ምልክት ጠፍታ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አትጽፊልኝም ነበር። ፕራይቬሲ በሚለው ሥር ደግሞ ሎካል ፓስኮድ የሚባል አለ። ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ካልነካሽው ራሱ ይቆለፋል። እዚያው አካባቢ ዲቫይስስ የሚለውን ተመልከቺ። ቴሌግራምሽ የት የት ክፍት እንደሆነ ይዘረዝርልሻል። የሸጥሽው ስልክ፣ አንድ ቀን ቸኩለሽ የከፈትሽበት የሰው ኮምፒውተር፣ ሁሉም እዚያ ሊኖር ይችላል። የማታውቂውን አስወጪ።

ለእህትሽ ደግሞ፣ ስትታረቁ፣ ይሄን ንገሪያት። ተራው የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው ኩባንያው ጋ ስለሆነ በከፈትሽበት መሣሪያ ሁሉ ይወርዳል። ስልክሽ ላይ ያለው ኮምፒውተርሽም ላይ ያለው ለዚህ ነው። «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ግን የተለየ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ ነው፣ ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም። ያንቺ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አይታይም። የቤት ነገር የሚጻፍ ከሆነ እዚያ ይጻፍ። ያችን የተረገመች መልእክት ደግሞ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሁለቱም ወገን ልታጠፏት ትችላላችሁ። አንቺ ሳትጠይቂያት ግን አታጥፊ። ማስረጃ ልታጠፋ ነው እንዳትልሽ።

አሁን ወደ ቀላሉ ልለፍ። ቀላል ያልኩት ከእህትሽ ጉዳይ አንጻር ነው እንጂ፣ ሥራሽን የሚበላውስ ይሄኛው ነው።

«ኦንላይን ሆነሽ እያየሁሽ!» ነገሩ ወዲህ ነው። ልብስ ስታጥቢ ያየችሽ ጎረቤት «አይ፣ በኋላ እመጣለሁ» ብላ ትመለሳለች። እጅሽ አረፋ ውስጥ እንዳለ አይታለች። ኮምፒውተር ላይ ያለሽው አንቺ ግን አረፋሽ አይታይም። የሚታየው «ኦንላይን» የሚል ቃል ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሰላምታ ዕዳ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሰላም ብለው ዝም ያሉት ሰው ኩራተኛ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። እናም አንቺ የደረሰኝ ቁጥር መሃል ላይ ትተሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ትጽፊያለሽ። ስትመለሺ የቱ ጋ እንደነበርሽ ጠፍቶሻል።

ከሁሉ የከፋው ያ «ሰላም ነሽ?» ብሎ ዝም የሚለው ደንበኛ ነው። ታውቂዋለሽ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «ሰላም» ይላል። ትመልሻለሽ። «እንዴት ነሽ» ይላል ከሩብ ሰዓት በኋላ። ትመልሻለሽ። «ልጅሽስ?» ይላል። የመጣበት ጉዳይ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ እሱም «ያችን ደረሰኝ አገኘሻት?» ነው። በደቂቃ በምንከፍልበት ጊዜ ይሄ ሰው አልነበረም፤ ኪሱ አይፈቅድለትም ነበር። ዋይፋይ በወር ሲሆን ተወለደ። አትቀየሚው፣ ክፋት የለውም። ጨዋነት መስሎት ነው።

ስለዚህ አረፋሽን አሳዪያቸው። ለአራቱም ደንበኞች አንድ ጊዜ እንዲህ ጻፊላቸው፦ «እንደምን ዋላችሁ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት መዝገብ ላይ ስለምሆን መልእክት አላይም። በ6 ሰዓትና በ11 ሰዓት ሁሉንም እመልሳለሁ። ደረሰኝ በፈለጋችሁት ሰዓት ላኩ። የሚያስቸኩል ከሆነ ደውሉልኝ።» ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ። በ6 ሰዓት መልሺ፣ በ4 ሰዓት ግን አትመልሺ። አንዴ በ4 ሰዓት ከመለስሽ የጻፍሽው ሁሉ ፈረሰ። የመጀመሪያው ሳምንት ይጨንቅሻል። አንዱ ደንበኛ ይኮሳተራል። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ ሳይዘገይ ሲደርሰው ይረሳዋል።

መጨረሻ መቼ እንደገባሽ የሚያሳየውን፣ «ላስት ሲን» የሚለውን፣ መደበቅም ይቻላል። ከማን ከማን እንደሚደበቅ ትመርጫለሽ። የደበቅሽበትን ሰው ግን አንቺም መቼ እንደገባ አታይም። እኔ ይሄ ይስማማኛል። ማን መቼ እንደተኛ ማወቅ ምን ይሠራልኛል?

ሳልረሳው፣ ደረሰኝ በተራ ፎቶ አይላኩልሽ። ቴሌግራም ፎቶውን ስለሚያሳንሰው የካሽ ሬጅስተሩ ደቃቃ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ 3ቱ 8 ይመስላል። እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት፣ እንዳለ ይመጣል። ወረቀቱንም ወዲያው ማንሳታቸው ጥሩ ነው። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። ነጭ ወረቀት ይዞ የመጣ ደንበኛ አጋጥሞሽ ያውቅ ይሆናል።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ጨርሰሽ መልስ ስትጽፊ ደግሞ እነሱን አትቀስቅሺ። የመላኪያዋን ምልክት በቀኝ ክሊክ ስትነኪ መልእክቱን ለነገ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል። ብቻ ተጠንቀቂ፣ ኮምፒውተሩ የኛን ሰዓት አያውቅም። ጠዋት 3 ሰዓት ከፈለግሽ 9:00 በዪው። እኔ አንዴ 3:00 ብዬ አንድ የማከብራቸውን ሽማግሌ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሻለሁ። «ሰው ሞተ ወይ?» ብለው ደወሉ።

የብሎካችሁ ግሩፕ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድምፁን አጥፊው እንዳልልሽ «ውሃ መጣ» የሚለው የሚነገረው እዚያ ነው። ቱሉ ዲምቱ ሆነሽ ውሃ የመጣበትን ሰዓት ማጣት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዳለ ተዪው እንዳልልሽ ደግሞ በዚያች አንዲት ወሬ ዙሪያ 60 መልእክት አለ። የፓርኪንግ ጭቅጭቅ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ «አሜን» «አሜን» «አሜን»። ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቅርቢ። ለውሃና ለመብራት ብቻ ሌላ ቻናል ይከፈት። ቻናል ላይ የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ስለሆነ «አሜን» የሚለው የለም። የዘበኛውን ስልክ ጨምራችሁ ለሁለት ሰው ስጡት። ከዚያ ቻናሉን ክፍት ትተሽ ትልቁን ግሩፕ ድምፁን እስከወዲያኛው አጥፊው። ጭቅጭቁን ማታ ሻይ እየጠጣሽ ታነቢዋለሽ። እኔ የኛን ብሎክ እንደ ድራማ ነው የምከታተለው።

አንድ ነገር ደግሞ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ቴሌግራሙም አብሮ ይከፈት ይሆናል። የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይዘንባል፤ አንቺ ደግሞ በዚያች ሰዓት ማየት ያለብሽ የፒችትሪው ፋይል ደህና መሆኑን ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል። ስትፈልጊው አንቺ ትከፍቺዋለሽ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ከሌለሽ ከሚቀጥለው እቁብ ላይ አስቢበት። ያለ ዩፒኤስ የሰው ሒሳብ መያዝ ያለ ጃንጥላ ክረምትን እንደመውጣት ነው።

አማትሽን ከኮምፒውተሩ አውጫቸው። ክፉ እንዳይመስልብኝ። የሳቸው ቮይስ አራት ደቂቃ ነው ብለሽ በደብዳቤሽ አማርረሻል። ቮይሱን ስልክሽ ላይ አስቀምጪና ሽንኩርት ስትከትፊ ስሚው። ኩሽና ውስጥ አራት ደቂቃ ምንም አይደለም። መልሱንም እዚያው በድምፅ ላኪላቸው። የመጥበሻው ድምፅ ቢገባበት ይወዱታል። ለልጃቸው የሚበላ እየተሠራ ነዋ።

ለባለቤትሽ የምትዪው እንግዲህ ይኸው ነው። ቴሌግራሙ ይቆያል፣ ወንበሩ ለሁለት ይከፈላል። እሱም ስልኩን አልጋ ላይ ከፍቶ ትቶ እንደሚሄድ ጽፈሻል። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ልጁ የፊታችን ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አካውንቱን አብራችሁ ክፈቱ። ስሙን ራሱ ይጻፍ፣ ፓስወርዱንም ራሱ ያውጣ። አንቺ ወደ ሌላ ዙሪ።